«አንቱ» እና «እርስዎ»፦ ከጣራ ገዳም እስከ ወረታ በሚሰማው የአክብሮት አነጋገር ላይ የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

የአማርኛ ሰዋስው ሲጻፍ የሁለተኛ መደብ ነጠላ ተውላጠ ስሞች ብዙ ጊዜ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» ተብለው በሦስት ይመደባሉ። «አንቱ» የሚለው አራተኛው ቃል፣ ከተነሣም፣ የገጠር ወይም የጥንት አነጋገር ነው ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ይህ አመዳደብ ከቋንቋው ጠባይ ሳይሆን ከጽሕፈት ታሪክ የመጣ መሆኑን ነው። ሁለቱ ቃላት ግሡን የሚያዝዙት በአንድ መንገድ ቢሆንም የሚገልጹት አክብሮት አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱን በሌላው ተክቶ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ተርጓሚ የሚያጐድለው ነገር አለ።

ማስረጃ እንዲሆነን የመረጥነው አገር በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የፎገራ ሜዳና አካባቢው ነው። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ምድር ሲሆን፣ በከብቱ ዘር ከጥንት ጀምሮ፣ በሩዙ ደግሞ ከ1970ዎቹ ወዲህ የታወቀ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት። ከወረታ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በአዲስ ዘመን አጠገብ በደን የተሸፈነው ጣራ ገዳም ይገኛል። መነኩሴው፣ ነጋዴው፣ ገበሬውና የመንግሥት ጸሓፊው በገበያ ቀን የሚገናኙበት አገር በመሆኑ ልዩ ልዩ የአጠራር ሥርዓቶችን ጐን ለጐን መስማት አያስቸግርም። ለመነኩሴው «አባ»፣ ለመነኩሲቱ «እማሆይ»፣ ለመምህሩ «የኔታ»፣ ለታላቅ ወንድም ወይም በዕድሜ ለሚበልጥ ጐረቤት «አያ»፣ በጽሕፈት ቤት መስኮት ለሚቀርብ ባለጉዳይ ደግሞ «አቶ» ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚሄደው ተውላጠ ስም በሽማግሌዎችና በገበሬው አንደበት «አንቱ» ሲሆን፣ የመጽሐፍና የጽሕፈት ቤት ጠባይ የያዘው «እርስዎ» ነው። ነገሩ በጐጃምና በወሎም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«አያ» የሚለውን ቃል ካነሣን አይቀር፣ የአዲስ አበባ ልጅ ቃሉን የሚያውቀው «አያ ጅቦ» ከሚለው ተረት ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። «እመት ጦጢት»ም እንዲሁ ናት። በከተማው አነጋገር የሞቱት የአክብሮት መጠሪያዎች በአራዊት ስም ላይ ተጣብቀው በሕፃናት ተረት ውስጥ ቀርተዋል። በተረቱ ጅቡ «አያ» የተባለው ስለሚፈራ ነው፤ ጦጣዋም «እመት» የተባለችው ብልጥ ስለሆነች ነው። ተረቱን ወደ ውጭ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ሁለቱን መጠሪያዎች እንደ ስም ቈጥሮ ካለፋቸው የተረቱን ፌዝ ይገድለዋል። በፎገራ ግን «አያ» ዛሬም የሰው ነው።

ወደ ተውላጠ ስሞቹ አመጣጥ እንመለስ። ግእዝ ለሁለተኛ መደብ የተለየ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለውም፤ ንጉሡም አገልጋዩም «አንተ» ነው። በዚህ የተነሣ በግእዝ የጸሎት ልማድ የኖረው አማርኛ እስከ ዛሬ ድረስ እግዚአብሔርን «አንተ»፣ እመቤታችንን «አንቺ» ይላል። ጐረቤቱን «አንቱ» የሚል ገበሬ ፈጣሪውን «አንተ» ሲል ምንም ቅር አይለውም። አክብሮት በግሥና በተውላጠ ስም የተለየ ቅርጽ እንዲያገኝ ያደረገው አማርኛው ራሱ ነው፤ ይህንንም በሁለት መንገድ አድርጎታል።

የመጀመሪያው መንገድ አንዱን ሰው እንደ ብዙ መቍጠር ነው። «አንቱ» የብዙ ቍጥር ከሆነው ከግእዙ «አንትሙ» ጋር የሚዛመደው በዚህ መሠረት ነው። ዘዴው በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ ትግርኛ ለሚከበር አንድ ሰው «ንስኹም» ይላል፤ አፋን ኦሮሞም በብዙ ቍጥሩ «እሲን» አንድን ሰው ያከብራል። የፈረንሳዮች «ቩ» ከዚሁ ወገን ነው። በአማርኛም ቢሆን ዘዴው በተውላጠ ስም አልተወሰነም፤ የጌታው ቤት አሽከር አንዱን ጌታ «ጌቶች» ይል የነበረው በዚሁ አሳብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሰውየውን አካል በሰውየው ፈንታ መጥራት ነው። «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርሳቸው» እና «እርስዎ» የተገኙት «ርእስ» ከሚለው የግእዝ ቃል፣ ማለትም ከ«ራስ» ነው። እንግዲህ «እርስዎ» ማለት በጥሬ ትርጕሙ «የእርስዎ ራስ» እንደ ማለት ሲሆን፣ «እርስዎ ራስዎ» ስንል ያንኑ ራስ ሁለት ጊዜ እንጠራለን ማለት ነው። ከትውልዱ እንደምንረዳው «እርስዎ» የሚያከብረው በማራቅ ነው። ሰውየውን ፊት ለፊት አይጠራውም፤ ስለ ራሱ እንደሚናገር ሆኖ ያልፈዋል። «አንቱ» ግን ሰውየውን ቀጥታ ይጠራዋል፤ አክብሮቱ በመብዛት እንጂ በመራቅ አይደለም። የኋላው የአጠቃቀም ልዩነት ሁሉ ከዚህ የመነጨ ይመስለናል።

ልዩነቱ ሥር መስደዱን ለማየት አንድ ቀላል ፈተና በቂ ነው። «አንቱ» ብቻውን ሰው መጥሪያ ይሆናል። በገበያ መካከል ከኋላ «አንቱ!» ብሎ ሽማግሌ ማስቆም፣ «አንቱ ሰውዬ» ብሎም መቀለድ ይቻላል። «እርስዎ!» ብሎ ሰው የሚጠራ ግን አናውቅም። ሊጠራ የማይችል የአክብሮት ቃል ለመጻፍ እንጂ ለመንገድ አይመችም። ግሡ ለሁለቱም አንድ ነው፤ «አንቱ ይምጡ»፣ «እርስዎ ይምጡ»፤ «አንቱ መጡ»፣ «እርስዎ መጡ»። አማርኛ ተውላጠ ስሙን ብዙ ጊዜ ስለሚተወው ልዩነቱ የሚሰማው ቃሉ ራሱ ሲነሣ ብቻ ነው። በጽሑፍ የተደገፈ ጥናት «አንቱ»ን ችላ ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

«እርስዎ» ብቻ የጽሕፈት መደበኛ የሆነበትን መንገድ ስንከተል አንድ የታሪክ ግርምት እናገኛለን። የነገሥታት ጽሕፈት ከግእዝ ወደ አማርኛ ማዘንበል የጀመረው እዚሁ አገር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤዎቻቸውን ያጻፉት በአማርኛ ነበር፤ ደብተራ ዘነብም ታሪካቸውን የጻፈው በአማርኛ ነው። የንጉሡ መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦርና የመድፉ ሥራ ቦታ ጋፋት ከወረታ ብዙ አይርቁም። ከጣናም ወዲያ ማዶ ዘጌ አለች፤ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛ ሰዋስዋቸውን፣ በ1908 ደግሞ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን የመንገደኛ መሪ መጽሐፋቸውን በሮም አሳትመዋል። ይህ መሪ መጽሐፍ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለአነጋገር ሥርዓት ታሪክ ከብዙ ሰዋስው የበለጠ ጠቃሚ ነው እንላለን።

የሕትመቱ መደበኛ አማርኛ ግን የተደላደለው በጣና ዙሪያ ሳይሆን በአዲስ አበባ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ፣ ከእርሱም ወዲህ የመጡት ጋዜጦች፣ የመንግሥት ደብዳቤዎችና የትምህርት ቤት መጻሕፍት ቋንቋቸውን የቀዱት ከሸዋው ቤተ መንግሥት ነው። «ግርማዊነትዎ» እና «ክቡርነትዎ» የሚሉት መጠሪያዎች በ«ዎ» መጨረሳቸው ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው፤ ሰውየውን ሳይሆን ግርማውንና ክብሩን ይጠራሉና። «እርስዎ» በዚህ ቤት ባለቤት ሆነ፤ «አንቱ» ደጅ ቀረ። ቀረ ስንል ጠፋ ማለታችን አይደለም። «አንቱ የተባለ ሐኪም»፣ «አንቱ የተባለች ደራሲ» እያለ የሚጽፈው የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ቃሉን ለማንም ሰው ፊት ለፊት ተናግሮት ላያውቅ ይችላል፤ የዝናን መለኪያ ግን እስካሁን ከእርሱ ይበደራል። «አንቱታ» የሚለው ስምም እንዲሁ ከዚሁ ቃል ተወልዶ የአክብሮት አነጋገርን በሙሉ የሚጠራ የጥናት ቃል ሆኗል። «እርስዎታ» ያለ ሰው የለም።

መጠሪያ ስሞች በታሪክ ሲወርዱ ማየት የተለመደ ነው። «አቤቶ» የመሳፍንት ልጆች መጠሪያ ነበር፤ አጥሮ «አቶ» ሆነና ከባላባት ወደ ጸሓፊ፣ ከጸሓፊ ወደ ማንኛውም ወንድ ወረደ። «ወይዘሮ»ም የነገሥታት ወገን ለሆነች ሴት ይሰጥ የነበረ ሲሆን ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ትጠራበታለች። «አቤቶ» ከ«እመቤት» ጋር አቻ ሆኖ ከ«አብ» እና ከ«ቤት» የተገኘ ነው የሚለው አሳብ ያሳምነናል፤ «አቤቱ»፣ «አቤት» እና «አቤቱታ» የሚሉትንም በዚሁ ቤተሰብ ለማሰባሰብ እንወድዳለን። የፎገራ እናት ልጇን ስትጠራው «ምን?» ብሎ እንዳይመልስ፣ «አቤት» እንዲል ትቈጣዋለች። የተጠራ ልጅ የሚመልስበት ቃል፣ የተበደለ ሰው ለዳኛ የሚጮኽበት ቃልና ጸሎተኛው አምላኩን የሚጠራበት ቃል አንድ መሆናቸው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን «ጓድ» የሚለው ቃል ያጋጠመው ነው። ከመስከረም 1967 ዓ.ም. በኋላ የፊታውራሪነትና የግራዝማችነት ማዕረግ የመንግሥት ዋጋ አጣ፤ «ጌታዬ» እና «እመቤቴ» በአደባባይ ማሳፈር ጀመሩ፤ «ጓድ» በሁሉም ስም ፊት ቆመ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ያቋቋመው የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበርም «ጓድ ሊቀ መንበር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1793 የፈረንሳይ አብዮተኞች «ቩ» ቀርቶ ሁሉም ሰው «ቱ» እንዲባባል እንደ ጣሩ ይታወቃል። የስዊድን የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ብሮር ሬክሴድም እ.ኤ.አ. በ1967 ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» እንደሚሉ ካስታወቁ በኋላ፣ አስቀድሞ የተጀመረው ለውጥ በዚያ አገር በጥቂት ዓመታት ተጠናቅቋል። የኢትዮጵያ አብዮት ግን ተውላጠ ስሙን አልነካም። በሬዲዮ ይሰማ የነበረው «ጓድ ሊቀ መንበር ገለጹ»፣ «ጓድ ሊቀ መንበር ጐበኙ» የሚል ነበር። ስሙ እኩልነትን ያውጃል፤ ግሡ ማዕረግን ይጠብቃል። «ጓድ ሊቀ መንበር ጐበኘ» ብሎ የሚያነብብ ሰው ምን ያገኘው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ የምንረዳው ነገር አለ፤ በአማርኛ አክብሮት የሚያድረው በመጠሪያ ስም ሳይሆን በግሥ ነው። መጠሪያ ስም በዐዋጅ ይመጣል፣ በዐዋጅ ይሄዳል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ጓድ» ከአደባባይ ሲሰናበት ግሡ በቦታው ነበር። «አንቱ»ም በቦታው ነበር።

የዚያ ዘመን ሥራ በገጠሩ አነጋገር ላይ ምንም አላደረገም ግን አንልም። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በርካታ ተማሪዎችን ወደ ገጠር አሰማርቷል፤ በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሽማግሌውን ከወጣት አስተማሪ ፊት አስቀምጦታል። በነባሩ ሥርዓት መምህር «የኔታ» ነው፤ ተማሪ «አንተ» ነው። እዚህ ግን አስተማሪው የ18 ዓመት ልጅ፣ ተማሪው የ60 ዓመት አባወራ ሆነ። ከተሜው ወጣት ይህን ጭንቅ የተወጣው ከትምህርት ቤት በያዘው «እርስዎ» ነበር። ገበሬው ቃሉን አልጠላውም፤ ነገር ግን ቃሉ ከጥቁር ሰሌዳ፣ ከመዝገብና ከማኅተም ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ በዚያው ወገን ተመድቦ ቀረ።

የተውላጠ ስሞቹን ትርጕም በተመለከተ ከተጻፉት ሁሉ ሱዛን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1976 «ላንጉዊጅ ኢን ኢትዮጵያ» በተባለው መድበል ያቀረቡት ጥናት ዛሬም መነበብ የሚገባው ነው። ከዚያ በፊት በ1960 ብራውንና ጊልማን የአውሮፓን ተውላጠ ስሞች በሥልጣንና በመቀራረብ መካከል አቁመው መርምረዋቸው ነበር። በእነርሱ ሚዛን አክብሮትና መቀራረብ በሁለት ጫፍ የሚቆሙ ይመስላሉ። የፎገራው «አንቱ» ግን ሁለቱንም በአንድ እጅ ይዟል፤ አማትን፣ የንስሓ አባትን፣ የዕድር ዳኛን ስናከብር እንቀርባቸዋለን እንጂ አንርቃቸውም። በሌላ በኩል፣ አንድ ቅርጽ አንድ ትርጕም ብቻ አለው ብሎ የሚያስብ ሰው የእናትን ቍጣ ይስማ። አርፍዶ የመጣውን ልጅ «ይግቡ እንጂ ጌታው!» ስትለው ግሡ የአክብሮት ነው፤ የሚከተለው አርጩሜ ሊሆን ይችላል። ወንድ ልጅን «አንቺ»፣ ሴት ልጅን «አንተ» ማለትም እንደ ድምፁና እንደ ቦታው አንድ ጊዜ ማቈላመጥ፣ ሌላ ጊዜ ስድብ ይሆናል። እነዚህ የቋንቋው ጌጥ እንጂ ስሕተት አይደሉም።

ቅር የሚሉን ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ ሥራችንን ስለሚነኩ ብቻ ጥቂቶቹን እናነሣለን። አንደኛው ፎርም የሚተረጕም ሰው ሳያስተውል የሚፈጽመው መዛነቅ ነው፤ ከላይ «የእርስዎ አድራሻ» ብሎ ይጀምርና ከታች «ሙላ»፣ «ፈርም» ይላል። አንባቢው በአንድ ገጽ ላይ ከብሮም ተዋርዶም ይወጣል። ሌላው «እባክዎ» የሚለው ቃል በየማስታወቂያው መርጋቱ ነው። በንግግር «እባክህ» ወይ ልመና ነው፣ ወይ መሰልቸት ነው፣ ወይም «ተው እባክህ!» እንደሚባለው መደነቅ ነው፤ ጐረቤቷን ውኃ የምትጠይቅ ሴት «እስቲ» ትላለች እንጂ «እባክሽ» ብላ አትጀምርም። በገበታ ዙሪያ ደግሞ ይኸው ትሕትና «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» ነው። እንግዳ ሲደርስም የሚበላው ሰው «እንብላ» ይላል፤ ሽማግሌ ሲገባ የተቀመጡት ብድግ ብለው «ኖር» ይላሉ፤ እርሱም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። እነዚህ ሁሉ ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር የሚጣጣሙ አይደሉም፤ ተርጓሚው ግን ለአንዱ ቃል አንድ አቻ ይዞ ስለሚሄድ የአማርኛው ገጽ ላይ ሰው የማይናገረው ትሕትና ይፈስሳል። የኤፍ ኤም ሬዲዮ አሰናጆች የማያውቁትን ደዋይ ሁሉ «አንተ» ማለታቸውን ወጣትነት ነው ብለን እናልፈው ይሆናል፤ በመስኮት ውስጥ የተቀመጠ ጸሓፊ የአባቱን እኩያ ገበሬ «አንተ፣ ነገ ና» ሲለው ግን የወጣትነት ጉዳይ አይደለም።

ነገሩ ከቅሬታ አልፎ የሚያስከትለው ጉዳት ምን እንደ ሆነ በሕክምና በኩል ይታያል። በ1997 ዓ.ም. በልቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ በታወቀ ጊዜ በሽታው በመጀመሪያ ከወባ ጋር ተምታቶ ነበር። እንዲህ ባለው በሽታ ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው፤ ትኩሳቱ ስንት ሳምንት ቆየ፣ ለሥራ ወዴት ተሄዶ ነበር፣ የት ታደረ። መጠይቁን የሚያዘጋጅ ሰው «አንተ» ብሎ ከጻፈ ሽማግሌው አጭር መልስ ሰጥቶ ዝም ይላል። «እርስዎ» ብሎ ከጻፈ መልስ ያገኛል፤ ነገር ግን ለጽሕፈት ቤት የሚሰጠውን ዓይነት መልስ ነው፤ ግብርና መዝገብ ያስተማሩትን ጥንቃቄ ይዞ ይመጣል። የአካባቢው ጤና ሠራተኛ በንግግር «አንቱ» ብሎ ቢጠይቅ ወረቀቱ የከለከለውን ቅርበት ራሱ መለሰው ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ሊከለክለው አይገባም ነበር። በትግርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የሚዘጋጀው ተመሳሳይ መጠይቅ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የአክብሮቱ ቃል የመንገዱም የወረቀቱም አንድ ነውና።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ የምናቀርበው አሳብ እንደሚከተለው ነው። «አንቱ» በራሱ መግቢያ መቆም አለበት፤ ፍቺው «እርስዎ» ተብሎ ወደ ሌላ ገጽ የሚመራ መሆን የለበትም። ከፊቱ የሚቀመጠው ምልክት «ጥንታዊ» ሳይሆን የሚነገርበትን አገር የሚያሳይ ይሁን፤ ጎንደር፣ ጐጃም፣ ወሎ። ፊት ለፊት ለመጥራት እንደሚያገለግል፣ ግሡም በሦስተኛ መደብ ብዙ ቍጥር እንደሚሄድ በምሳሌ ይታይ። «አንቱ የተባለ» የሚለው ሐረግ በሁሉም አገር ስለሚነገር የአገር ምልክት ሳይደረግበት በዚያው መግቢያ ሥር ይግባ፤ «አንቱታ»ም ይከተለው። «እርስዎ»ም ያለ ምልክት መታለፍ የለበትም፤ በጽሕፈትና በመሥሪያ ቤት አነጋገር መደበኛ ነው፣ በከተማም ይነገራል ተብሎ መጻፍ አለበት። አንዱን ቃል ብቻ በምልክት መለየት ሌላው ከየትም ያልመጣ ያስመስለዋል። «ኖር» የሚለውን ቃል በተመለከተ ደግሞ፣ «ኖረ» ከሚለው ግሥ ሥር ብቻ ተቀብሮ እንዳይቀር፣ «በእግዜር» ከሚለው መልሱ ጋር በአንድነት ቢገባ እንመርጣለን፤ አንዱ ሲባል ሌላው ካልተመለሰ ቆሞ የሚቀር ሰው አለና።